የአየር ላይ አቧራን በኢንፍራሬድ ሳተላይት መለየት

በአየር ላይ የተንሳፈፈ የማዕድን አቧራን፣ ከምድርና ከደመና የሚወጣውን የሙቀት (ኢንፍራሬድ) ጨረር ከኅዋ በመለካት የሚለይ ዘዴ ነው። የፀሐይ ብርሃን ስለማያስፈልገው ሌሊትም ይሠራል።

አሠራር
በአቧራ ውስጥ ያሉ የሲሊኬት ማዕድናት 10.8 ማይክሮሜትር የሞገድ ርዝመት ያለውን ጨረር ከ12ቱ ይልቅ አብዝተው ይውጣሉ። ከበረዶ ቅንጣት የተሠራ ስስ ደመና ግን 12ቱን አብዝቶ ይውጣል። ስለዚህ በ10.8 የተለካው ሙቀት በ12 ከተለካው ሲያንስ የአቧራ ምልክት ይሆናል። የ8.7 ማይክሮሜትር ልኬት ደግሞ አቧራውን ከሥሩ ካለው የበረሃ አሸዋ ለመለየት ያግዛል። ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው የሚገኙት የሁለተኛው ትውልድ ሜቴዎሳት ሳተላይቶች ይህን በየ15 ደቂቃው ይለካሉ። ልኬቶቹ በቀለም ሲቀናበሩ አቧራው ደማቅ ሮዝ ሆኖ ይታያል።

በኢትዮጵያ
ዘዴው ለእሳተ ገሞራ አመድም ይሠራል፤ አመድም የሲሊኬት ብናኝ ነውና። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በአፋር የሚገኘው የሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ በአፍዴራ አካባቢ ያሉ መንደሮች አመድ ለበሱ። ወደ ላይ የወጣው አመድ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመንና በኦማን በኩል እስከ ሰሜን ሕንድ ሲጓዝ ሳተላይቶች ተከታትለውታል፤ የበረራ መስመሮችም በዚሁ መረጃ ተስተካክለዋል።

በአዲስ አበባ፣ ከየካ ክፍለ ከተማ በላይ በተዘረጋው የእንጦጦ ሰንሰለት፣ በ3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪና የምርምር ማዕከል ይገኛል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችውን የመጀመሪያዋን የኢትዮጵያ ሳተላይት ይቆጣጠር የነበረው ጣቢያ የተተከለው እዚሁ ነው። የሳተላይቷ ዋና ተግባር ግን ለግብርና፣ ለውኃና ለአካባቢ ጥበቃ የሚውል የመሬት ምስል ማንሳት ነበር። አቧራን ለመከታተል አንድን አካባቢ ሳያቋርጥ የሚመለከት ሳተላይት ይመረጣል።

ወሰን
አቧራውን ከላይ ደመና ሲሸፍነው ወይም መሬት አጠገብ ሆኖ ሙቀቱ ከመሬቱ ጋር ሲቀራረብ መለየቱ ያዳግታል። ጠዋት ከእንጦጦ ቁልቁል ሲታይ ከተማዋን የሚጋርደው የማገዶና የመኪና ጭስ ቅንጣቱ እጅግ ደቃቅ በመሆኑ በእነዚህ የሞገድ ርዝመቶች እምብዛም አይለይም። ሰው በሚተነፍስበት ከፍታ ያለውን ብክለት ለማወቅ በየሰፈሩ የሚተከል መለኪያ የግድ ያስፈልጋል።