ስለ ሐውልትና ስለ ስንቅ

ስለ አዲስ አበባ ሐውልቶች ሲነገር በፈረስ ላይ ያሉትን ዳግማዊ ምኒልክን የማያነሣ የለም። እኛ ግን የምንኖረው ከከተማው በስተ ደቡብ፣ በቃሊቲ ማረሚያ ቤት አካባቢ ስለ ሆነ፣ ዘወትር የምናየው ሌላ ነው፤ ይኸውም ስንቅ ይዘው ወደ በሩ የሚሄዱትን እናቶች ነው። ስለዚህ ሐውልትንና ስንቅን አንድ ላይ አድርገን ጥቂት ለመጻፍ ወደድን።

የቃሊቲ ታሪክ ከቃሊቲ አይጀምርም። በጎንደር ዘመን የነገሥታት ልጆች ዙፋን እንዳይሻሙ የሚጋዙበት ተራራ ወህኒ አምባ ይባል ነበርና፣ ወህኒ ቤት የሚለው ቃል ከዚያ መጣ። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን በአዲስ አበባ የነበረው እስር ቤት ደግሞ «ዓለም በቃኝ» ተባለ። ሕዝቡ ግቢውን ከርቸሌ ሲለው ቃሉን የወሰደው ከጣልያንኛው «ካርቸሬ» ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ. ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ጣልያኖች ብዙ ኢትዮጵያውያንን በዚያ አጎሩ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ. ም. ደግሞ 60 ያህል ሰዎች፣ አብዛኞቹ የንጉሡ ባለሥልጣኖች፣ በዚያው ግቢ ተረሸኑ። በ1996 ዓ. ም. ገደማ እስር ቤቱ ተዘግቶ እስረኞቹ ወደ ቃሊቲ ተዛወሩ፤ ሕንፃውም ከጥቂት ዓመት በኋላ ፈረሰ።

በፈረሰው ቦታ ላይ የአፍሪካ ኅብረት አዲስ ጽሕፈት ቤት ጥር 19 ቀን 2004 ዓ. ም. ተመረቀ። በዚያው ቀን የጋናው መሪ የክዋሜ ንክሩማ ሐውልት ተገለጠ፤ የካቲት 3 ቀን 2011 ዓ. ም. ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሐውልት ተጨመረ። ንክሩማ በ1943 ዓ. ም. እንግሊዞች አስረዋቸው ሳለ ምርጫ አሸንፈው ከእስር የወጡ ሰው ናቸው። እስረኛ የነበረ ሰው በፈረሰ እስር ቤት ላይ ቆሞ መታየቱ ደስ ያሰኘናል፤ ያቆሙት ሰዎች ግን ይህን አስበው ነው ብለን አናምንም።

ተራው ሰው በሐውልት አልታየም ማለታችን አይደለም። በስድስት ኪሎ በሚገኘው የየካቲት 12 ሐውልት ላይ ዩጎዝላቭያውያን ቀራፂዎች አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች የሕዝቡን እልቂት በነሐስ ቀርፀዋል። በመስቀል አደባባይም በ2002 ዓ. ም. በተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም ፊት ሦስት ሴቶች ቆመዋል። እነዚያ ሴቶች ግን ኀዘን ላይ ናቸው። ልጇ በሕይወት ሳለ፣ በማለዳ ተነሥታ ምጣድ የጣደችውን እናት በየትም ሐውልት አላየንም። የአፍሪካ ኅብረት በዚያ ግቢ ለሰብአዊ መብት መታሰቢያ እንዲቆም አቅዷልና፣ ቀራፂው ቢጠይቀን ኖሮ አገልግል የያዘች ሴት አድርግ እንለው ነበር።

በውነቱ የስንቅ ሥራ ቀላል ዕውቀት አይደለም። ለማንኛውም የከተማ ቤተሰብ ስለሚጠቅም ከእናቶቻችን ጠይቀን የሰማነውን እንጽፋለን። እንጀራ ትኩስ ሆኖ አይጠቀለልም፤ ያልበውና ይሻግታል፤ አስቀድሞ በሰፌድ ላይ ተዘርግቶ መብረድ አለበት። ወጡ ሽንኩርቱ በደንብ በስሎ፣ ውሃው መጥጦ ወፍራም ይሁን፤ በእንፋሎቱም ላይ ክዳን አይገጠም። ድንችና ጎመን ቶሎ ስለሚበላሹ ለዕለቱ ብቻ ነው። ለብዙ ቀን የሚሆነው በሶ ነው፤ ገብሱ ተቆልቶ ከተፈጨ በኋላ በውሃ ብቻ ይለወሳል፣ እሳት አይፈልግም። እንጀራ ከተረፈም በፀሐይ ደርቆ ድርቆሽ ይሆናል። ቋንጣ በጨውና በበርበሬ ታሽቶ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ይሰቀላል። እንዲህ ያለውን ስንቅ በ1888 ዓ. ም. ወደ ዐድዋ የዘመተው ሠራዊትም ያውቀዋል።

በቀይ ሽብር ጊዜ የተላከው ስንቅ ሳይነካ ሲመለስ ቤተሰቡ የልጁን መገደል ከዚያ ይረዳ ነበር። ዛሬ በሠፈራችን ያሉ አንዲት እናት ከበሩ ሲመለሱ መጀመሪያ የሚያዩት ሣህኑን ነው። ባዶ ሆኖ ታጥቦ ከተመለሰላቸው «በልቷል» ይሉና ለመጪው ሳምንት ገብስ ሊቆሉ ይገባሉ።