አዲሱ ሲገባ አሮጌውን ማን ይሸከማል?

ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ሲሰጥ የቆየውን መደበኛ ድጋፍ አቆመ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖችና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ ወዲህ በየመሥሪያ ቤቱ የሚነሳው ጥያቄ «ይህ ኮምፒውተር ዊንዶውስ 11 ይቀበላል ወይ?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ቺፕና አዲስ ፕሮሰሰር ስለሚፈልግ ብዙ ደህና የሚሠራ ማሽን ከበር ይመለሳል። ከዚህ መቅደም የነበረበት ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል፦ «በውስጡ ያለው ሥራ ነገም ይከፈታል ወይ?»

ይህ ጥያቄ ከኮምፒውተር ጋር አብሮ ያረጀ ነው። ኦፐሬቲንግ ሲስተም በተቀየረ ቁጥር የትናንቱን ፕሮግራም ከነገው ማሽን ጋር የማስታረቅ ሥራ ይመጣል። ሥራው ገንዘብ፣ ጊዜና ትዕግሥት ይበላል። ስድሳ ዓመት ያለፈው ይህ ታሪክ የሚያሳየው ሂሳቡ መከፈሉ እንደማይቀር ነው። የሚለያየው ከፋዩ ብቻ ነው።

🔹 አይቢኤም ራሱ ከፈለ

እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ ድረስ አንድ ድርጅት ወደ ሌላ ዓይነት ኮምፒውተር ሲሸጋገር የድሮ ፕሮግራሞቹን እንደ አዲስ ማስጻፍ ነበረበት። የአይቢኤም የራሱ ማሽኖች እንኳ እርስ በርስ አይግባቡም ነበር። ለንግድ ሥራ በተሠራው 1401 ላይ የተጻፈ የደመወዝ ፕሮግራም ለሳይንስ ስሌት በተሠራው 7090 ላይ አይሠራም።

ኩባንያው ኤፕሪል 7 ቀን 1964 ሲስተም/360ን ሲያስተዋውቅ ከትንሹ እስከ ትልቁ አንድ ዓይነት ትእዛዝ የሚረዱ ማሽኖች ይዞ ቀረበ። የደንበኛው ስጋት ግን ወደፊት ስለሚጽፈው ፕሮግራም አልነበረም። የሚያስጨንቀው ትናንት የጻፈው ነበር። ስለዚህ አይቢኤም በአዲሶቹ ማሽኖች ውስጥ 1401ን የሚመስል ኢሙሌተር አስገባ። ድርጅቱ አዲሱን ማሽን ገዝቶ የድሮውን የደመወዝ ፕሮግራም በዚያው እያሠራ፣ አዲሱን ቀስ ብሎ ማስጻፍ ቻለ። ለጠቅላላው የሲስተም/360 ሥራ አይቢኤም በዘመኑ ዋጋ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር አፍስሷል። የዚያ ቤተሰብ የልጅ ልጅ የሆኑት የዛሬዎቹ የአይቢኤም ማሽኖችም ያኔ የተጻፉ በርካታ ፕሮግራሞችን ማስኬድ ይችላሉ።

🔹 ማይክሮሶፍት አሮጌውን አዘለ

ዊንዶውስ 95 ኦገስት 24 ቀን 1995 ለገበያ ከመቅረቡ በፊት በሙከራ ላይ ሳለ ሲምሲቲ የተባለው ታዋቂ ጌም እምቢ አለ። ጥፋቱ የጌሙ ነበር። ፕሮግራሙ ተጠቅሞ የለቀቀውን የሜሞሪ ቦታ መልሶ ያነብባል። በቀድሞው ዊንዶውስ ያ ቦታ ወዲያው ስለማይነካ ስህተቱ ተሸፍኖ ኖረ። በአዲሱ ግን ቦታው ለሌላ ሥራ ስለሚሰጥ ጌሙ ይወድቃል።

ማይክሮሶፍት «ጥፋቱ የእናንተ ነው» ብሎ መተው ይችል ነበር። እንዲያ አላደረገም። መሐንዲሶቹ ችግሩን ተከታትለው ካገኙት በኋላ ሲምሲቲ እየሠራ መሆኑን የሚለይና ያኔ ሜሞሪን ቶሎ የማይለቅ ልዩ ኮድ በዊንዶውስ 95 ውስጥ ጨመሩ። ምክንያታቸው ግልጽ ነው፤ ገዢው ዊንዶውስ 95ን ጭኖ የሚወደው ጌም ቢበላሽበት የሚያማርረው ጌሙን ሳይሆን አዲሱን ዊንዶውስ ነው።

ይህ አካሄድ በ2001 በወጣው ኤክስፒ ሁሉም ሰው ሊነካው የሚችል መሣሪያ ሆነ። በፕሮግራሙ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጎ ንብረቶቹን የከፈተ ሰው «ኮምፓቲቢሊቲ» የሚል ገጽ ያገኛል። እዚያ «ዊንዶውስ 95» ብሎ ሲመርጥ ሲስተሙ ለፕሮግራሙ ይዋሽለታል። «የምትሠራው በ95 ላይ ነው» ይለዋል። ብዙ ፕሮግራሞች የሚያስፈልጋቸው ይኸው ብቻ ነበር፤ መሥራት እየቻሉ የስሪት ቁጥሩን አይተው የሚሸሹ ነበሩና።

ውሸቱ የማያድንበት ጊዜም መጣ። በ2007 የወጣው ቪስታ ፕሮግራሞች የሲስተሙን ፎልደሮች እንደፈለጉ እንዳይነካኩ ከለከለ፤ አሮጌ ድራይቨሮችም ወደቁ፤ ፕሪንተርና ስካነር አኮረፉ። በ2009 የወጣው ዊንዶውስ 7 ለቢሮ ተጠቃሚዎች ሌላ መፍትሔ አመጣ። በውስጡ ሙሉ ኤክስፒን እንደ ሁለተኛ ኮምፒውተር የሚያስኬድ «ኤክስፒ ሞድ» ነበር። ማዘልም ግን ልክ አለው። 64 ቢት ዊንዶውስ በዊንዶውስ 3.1 ዘመን የተጻፉ የ16 ቢት ፕሮግራሞችን ጨርሶ አያስኬድም፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ የ32 ቢት እትም የለውም።

🔹 አፕል ድልድይ ሠርቶ ያፈርሳል

አፕል ሌላ መንገድ መረጠ። በ1994 ፕሮሰሰሩን ሲቀይር የድሮዎቹን ፕሮግራሞች የሚያስኬድ ኢሙሌተር ሰጠ። በ2006 ወደ ኢንቴል ሲሻገር «ሮዜታ» የተባለ አስተርጓሚ አቀረበ፤ በ2011 በወጣው ላየን ግን ሮዜታ ተነሳ። በ2019 የወጣው ካታሊና የ32 ቢት ፕሮግራሞችን በሙሉ በአንድ ጊዜ ዘጋ። በ2020 አፕል ወደ ራሱ ቺፕ ሲዞር ሮዜታ 2 መጣ።

መልእክቱ «እስክትሻገሩ ድልድይ አለ፤ ለዘላለም ግን አይቆምም» የሚል ነው። ሂሳቡ በፕሮግራም ሠሪውና በተጠቃሚው ላይ ይወድቃል። ኩባንያው ንጹሕና ቀላል ሲስተም ያተርፋል። ፕሮግራም ሠሪው ሥራውን ካቆመ ግን ተጠቃሚው ብቻውን ይቀራል።

🔹 የአማርኛው ሂሳብ

አማርኛ በኮምፒውተር መጻፍ ሲጀምር ከእነዚህ ኩባንያዎች አንዳቸውም መንገዱን አላዘጋጁለትም። በ1980ዎቹ እንደ ፍስሃ አጥላውና ዶ/ር አበራ ሞላ ያሉ በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የግዕዝ ፊደል መጻፊያ ፕሮግራሞችን ሠሩ። ቆይቶ በዊንዶውስ ላይ ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝና ሌሎችም በየቢሮው ገቡ። እነርሱ ባይኖሩ የዚያ ዘመን ጋዜጣ፣ ደብዳቤና መጽሐፍ በኮምፒውተር አይጻፍም ነበር።

ችግሩ ቦታ ነበር። በዘመኑ አንድ ፎንት የሚይዘው ቢበዛ 256 ምልክት ነው፤ ከዚያም ላይ ሲስተሙ ለራሱ የሚይዘው አለ። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው። እነ ሏ፣ ሟና ቋ፣ ሃያው የግዕዝ ቁጥርና ሥርዓተ ነጥቡ ሲጨመሩ አይበቃም። አንዱ ሠሪ ፊደሉን በሁለት ፎንት ከፈለው፤ ሌላው እንደ ታይፕራይተር ገላውንና ቅጥያውን ለየብቻ አስቀምጦ አጋጠመው። ሁሉም ለፊደላቱ የየራሱን ቁጥር ሰጠ።

በዚህም ምክንያት ኮምፒውተሩ የተጻፈው አማርኛ መሆኑን አያውቅም። ፋይሉ ውስጥ ያሉት የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ናቸው፤ ፎንቱ በላያቸው «ሀ»ን ወይም «መ»ን ይስላል። ፎንቱ ሲጠፋ አማርኛውም አብሮ ይጠፋል፤ የሚቀረው ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ነው።

መፍትሔው በወረቀት ላይ በ1999 መጣ። ዩኒኮድ 3.0 ለግዕዝ ፊደላት የራሳቸውን ቋሚ ቁጥር ሰጠ፤ «ሀ» በየትኛውም ፎንትና በየትኛውም ማሽን 4608 ሆነች። ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ እስኪደርስ ግን ጊዜ ወሰደ። ኤክስፒ የግዕዝ ፎንት ይዞ አልመጣም። ማይክሮሶፍት «ኒያላ» የተባለውን ፎንትና የአማርኛ ኪቦርድ በዊንዶውስ ውስጥ ያካተተው በቪስታ፣ በ2007 ነው። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ሰነድ በአሮጌው መንገድ ይጻፍና ይከማች ነበር።

ሲምሲቲ ገዢው ብዙ ስለነበር ጠበቃ አገኘ። የአማርኛ ሰነድ ገበያው ትንሽ ነበር። አሮጌዎቹ ፎንቶች ዛሬም ፋይላቸው ከተገኘ በአዲስ ዊንዶውስ ላይ ሊጫኑ ይችላሉ። ጽሑፉ ግን እዚያው ታስሮ ይቀራል። በስልክ ሲከፈት አይነበብም፤ ቴሌግራም ላይ ሲለጠፍ ይበተናል፤ ስም ሲፈለግ አይገኝም። ኢንተርኔት ላይ ካሉ በርካታ የቆዩ የአማርኛ ፒዲኤፎች አንድ አንቀጽ ኮፒ ለማድረግ የሞከረ ሰው ይህን ያውቀዋል። ለዓይን አማርኛ ነው፤ ሲለጠፍ ግን የላቲን ፊደል ክምር ይሆናል። ስለዚህ ሂሳቡ የወደቀው የታተመውን ወረቀት እያየ ሰነዱን ከ«ሀ» ጀምሮ እንደገና በሚተይበው ጸሐፊ ላይ ነው።

«የቆየ ሰነድ ነው፣ ወረቀቱ አለ» የሚል ክርክር ይነሳል። ወረቀቱ ባለበት ቦታ ክርክሩ ያስኬዳል። የጡረታ ማህደር፣ የትምህርት ማስረጃ ወይም የፍርድ ውሳኔ ኮፒው ኮምፒውተር ላይ ብቻ ሲሆን ግን ባለጉዳዩ ከሃያ ዓመት በኋላ መጥቶ ስሙን ያስፈልጋል። ስሙ በፋይሉ ውስጥ እያለ ማሽኑ «የለም» ብሎ ይመልሳል።

«እንግዲያው ባለበት ይቆይ» ማለትም አያዋጣም። በሜይ 2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በዓለም ዙሪያ ማሽኖችን ሲቆልፍ፣ ማይክሮሶፍት ድጋፉ በ2014 ላበቃው ኤክስፒ ሳይቀር የድንገተኛ ማስተካከያ ለመልቀቅ ተገድዷል። ድጋፍ የሌለው ሲስተም ከኔትወርክ ጋር ተያይዞ ሲቆይ አደጋው ለጎረቤቱም ይተርፋል።

🔹 ከመሸጋገር በፊት

የአይቢኤም ደንበኞች ያደረጉት ዛሬም ይሠራል፤ አዲሱን እያስገቡ አሮጌውን ለጊዜው በጎን ማቆየት። አንድ አሮጌ ማሽን፣ ካልሆነም በአዲሱ ኮምፒውተር ውስጥ የሚሠራ ቨርቹዋል ማሽን፣ ከነፎንቱና ከነመጫኛ ፋይሉ ከኔትወርክ ተነጥሎ ይቀመጣል። ቀጥሎ የትኛው ፋይል በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ ይመዘገባል። ለአንዱ ፎንት የተሠራ መለወጫ ለሌላው አይሆንምና።

ወደ ዩኒኮድ ሲለወጥ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። በአንድ ደብዳቤ ውስጥ ያለው እንግሊዝኛና በአሮጌው ፎንት የተጻፈው አማርኛ በፋይሉ ውስጥ አንድ ዓይነት ቁጥሮችን ይጠቀማሉ። ሁለቱን የሚለየው የፎንቱ ስም ብቻ ነው። ሰነዱን መጀመሪያ ወደ ተራ ጽሑፍ ቀይሮ ማስቀመጥ ያንን ምልክት ያጠፋል፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይሏል ይኸው ነው። ስለዚህ መለወጥ ያለበት ፎንቱን እንደያዘ ነው። ኦሪጅናሉም አይሰረዝም። ከተለወጠ በኋላ ዲቃላ ፊደላቱን፣ ቁጥሮቹንና የሰው ስሞችን በዓይን የሚያይ ሰው ያስፈልጋል። ፋይሉ ጠፍቶ ወረቀቱ ብቻ ለቀረበት ሰነድ እንደ ቴሰራክት ያሉ ነጻ ሶፍትዌሮች ስካን የተደረገ አማርኛን ያነብባሉ፤ እነርሱም ቢሆኑ ያለ አራሚ አይታመኑም።

ይህ ሁሉ የሰው ጉልበትና ቀን ይጠይቃል። መሥሪያ ቤቶች አዲስ ኮምፒውተር ሲገዙ የማሽኑን ዋጋ፣ የፕሪንተሩን ዋጋ፣ አንዳንዴም የሥልጠናውን ወጪ ይጽፋሉ። የአሮጌ ሰነዶች መለወጫ የሚል መስመር ግን በግዢው ውስጥ እምብዛም አይታይም። ያ መስመር ሳይጻፍ ሲቀር ወጪው አይቀርም። አንድ ጸሐፊ ከሥራ ሰዓት ውጭ ትከፍለዋለች፤ ወይም ማስረጃ ፈልጎ የመጣው ባለጉዳይ ይከፍለዋል። የሚቀጥለው ግዢ ከመፈረሙ በፊት ይህን መስመር ማስጨመር የኃላፊው ሥራ ነው።