«ፉትቦል» ሲባል የትኛው? ከኩባ ሚላ እስከ «ፉቲ»

ሰበታ፣ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ ላይ አንዱን «ዛሬ ኳስ አለ» ብትሉት የምን ኳስ ብሎ አይጠይቃችሁም። የሚጠይቃችሁ ሰዓቱን ነው። በአማርኛ እግር ኳስ፣ በአፋን ኦሮሞ ኩባ ሚላ ነው። ትርጉሙ አንድ ነው፤ አማርኛው እግሩን ያስቀድማል፣ ኦሮምኛው ደግሞ ኳሱን።

ግራ መጋባቱ የሚመጣው ስልክ ላይ ነው። የውጤት አፕ ከፍታችሁ «ፉትቦል» የሚል ስትነኩ 27 ለ 24 ካያችሁ በረኞቹ ተኝተው አይደለም፤ ሌላ ጨዋታ ውስጥ ገብታችኋል። ለሚያይ ሰው ያስቃል። ሕጉን በማያውቀው ጨዋታ ላይ ብር ላስያዘ ሰው ግን ቀልድ አይደለም። ፉትቦል የሚባሉ ጨዋታዎች በዓለም ላይ ቢያንስ ስድስት ናቸው።

የኛው ኳስ ሕጉ የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1863 ለንደን ውስጥ ነው። ክለቦቹ ተሰብስበው ማኅበር አቋቋሙ፣ ኳስ በእጅ ይዞ መሮጥንም ከለከሉ። ጨዋታው «አሶሴሽን ፉትቦል» ተባለ። የእንግሊዝ ተማሪዎች ደግሞ «አሶሴሽን» የሚለውን ቆርጠው «ሶከር» አሉት። እንግዲህ «ሶከር» ያለውን ሁሉ አሜሪካዊ ነው ብላችሁ አትሳቁበት፣ ቃሉ የተወለደው እንግሊዝ ነው። አሜሪካኖቹ የያዙት «ፉትቦል» የሚለው ስም በሌላ ጨዋታ ስለተያዘባቸው ነው።

ያ ሌላ ጨዋታ ከራግቢ የወጣ ነው። በአንድ ጊዜ ከየቡድኑ 11 ሰው ይገባል፤ ኳሱ ሞላላ ነው፣ በእጅ ይወረወራል። አጥቂው ቡድን በአራት ሙከራ 10 ያርድ፣ ማለትም 9 ሜትር ገደማ፣ ወደፊት መግፋት አለበት፤ ካቃተው ኳሱ ለተቃራኒው ነው። ኳሱን መጨረሻው ክልል ያደረሰ 6 ነጥብ ያገኛል። 27 ለ 24 የመጣው ከዚህ ነው። የፍጻሜውን ጨዋታ፣ ሱፐር ቦውልን፣ አሜሪካ ውስጥ ብቻ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሰው ያየዋል። እዚያ ያሉ ወገኖቻችን ግን አሁንም የኛው ኳስ ላይ ናቸው፦ እ.ኤ.አ. በ1984 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካ በየዓመቱ በሐምሌ አካባቢ ቡድኖቹን አንድ ከተማ ላይ ያገናኛል። በእንግሊዝኛ ሲያወሩ ብቻ «ሶከር» ማለት ይገደዳሉ፣ ምን ያድርጉ።

አውስትራሊያ ስትሄዱ ነገሩ ይብሳል። ሜልቦርን ላይ «ፉቲ» ማለት 18 ለ 18 ሆነው ሞላላ ሜዳ ላይ የሚጫወቱት፣ በየጫፉ አራት ቋሚ ያለው ጨዋታ ነው። ሕጉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1859፣ ከለንደኑ አራት ዓመት ቀድሞ ነው። ሲድኒ ላይ ግን «ፉቲ» ያላችሁት ሰው ብዙውን ጊዜ የሚገባው ራግቢ ሊግ ነው። አንድ አገር፣ አንድ ቃል፣ ሁለት ጨዋታ።

ራግቢ ራሱ ለሁለት የተሰነጠቀው እ.ኤ.አ. በ1895 ነው፤ ምክንያቱም ገንዘብ። የሰሜን እንግሊዝ ክለቦች ለጨዋታ ብለው ከሥራ የሚቀሩ ላብ አደሮች የቀረባቸው ደመወዝ ይካካስላቸው አሉ፣ ማኅበሩ እምቢ አለ፣ ወጡ። የነሱ ሊግ 13 ተጫዋች አለው፣ ዩኒየኑ 15። ደቡብ አፍሪካ የዩኒየኑን የዓለም ዋንጫ አራት ጊዜ ወስዳለች። ጎረቤታችን ኬንያም በሰባት ሰው በሚጫወቱት ራግቢ በ2016 እ.ኤ.አ. ሲንጋፖር ላይ ፊጂን 30 ለ 7 ረትታ ዋንጫ አንስታለች።

ለኔ ከሁሉም የሚገርመው የአየርላንዱ ጌሊክ ፉትቦል ነው። ኳሱ ክብ ነው፣ በእጅም በእግርም ይነካል፣ በቡድን 15 ናቸው። ትልቁ ስታዲየማቸው ክሮክ ፓርክ ከ82 ሺህ በላይ ሰው ይይዛል፤ ሜዳው ላይ ያሉት ግን ደመወዝ የላቸውም። ሰኞ መምህሩ ወደ ክፍሉ፣ ገበሬው ወደ ከብቱ ይመለሳል። ተጫዋቹ ለተወለደበት ሰፈር ነው የሚጫወተው፣ ደጋፊውም በስሙ ያውቀዋል።

ይህን ከኛ ጋር አስተያዩት። ሰበታ ከተማ በ2012 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊግ ውስጥ ነበር፤ ያ ውድድር በኮሮና ምክንያት ተሰረዘ። በ2013 እና በ2014 ጨዋታዎቹ በተመረጡ ከተሞች ተሰብስበው ስለተካሄዱ የሰበታ ልጅ የራሱን ቡድን ሰፈሩ ላይ ማየት አልቻለም፤ ያየው በዲኤስቲቪ ነው። በ2014 መጨረሻ ቡድኑ ወረደ። ሱሉልታ ደግሞ በጠዋት የሯጮች ከተማ ናት፣ የቀነኒሳ በቀለ መሮጫ ትራክም ያለው እዚያ ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት ግን ዲኤስቲቪ ቤቱ በአርሰናልና በማንቼ ማሊያ ይሞላል። ቡራዩም ያው ነው።