የክበቡ ሣጥን

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና፣ ስለ ትምህርት ቤት ክበባትና ስለ መዋጮ ላወራችሁ ስነሳ ከሚኒ ሚዲያው ድምፅ ማጉያ አልጀምርም። የምጀምረው ከአኩፋዳ ነው።

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር የሚወስደውን መንገድ ይዞ 40 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ማክሰኝትን ያገኛል። የጎንደር ዙሪያ ወረዳ ከተማ ናት፤ ስሟ ከማክሰኞ የወጣ፣ የገበያ አገር። በዚህ አካባቢ ደበሎ የለበሰ፣ አኩፋዳ ያነገተ የቆሎ ተማሪ ከደጅ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም!» ሲል መስማት ለብዙ ትውልድ የዘወትር ነገር ነበር። ውሻውን በዱላ እየተከላከለ የሚለምነው ያ ልጅ ለራሱ ሆድ ብቻ አልወጣም። ያገኛትን ቁራሽ ጎጆው ወስዶ ከጓደኞቹ ጋር ይካፈላታል። ታሞ የተኛ ካለም ድርሻው አይቀርበትም። እኔን ብትጠይቁኝ፣ የአገራችን የመጀመሪያው የተማሪዎች መረዳጃ ክበብ ይኸው ነው። ማኅተም የለው፣ ቃለ ጉባኤ የለው፤ ግን ማን ምን እንዳመጣ፣ ማን ምን እንደደረሰው ሁሉም ያያል። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሲመጣ አኩፋዳው በሣጥን ተተካ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ ጣሊያን ሊወረን ጦሩን በሚያከማችበት ሰዓት ማለት ነው። ስሙም ውሎ አድሮ ወደ ትምህርት ቤት ግቢ ገባ። ከእኔ ትውልድ መካከል የቀይ መስቀል ክበብ አባል ያልነበረ ወይም አባል የነበረ ጓደኛ የሌለው ያለ አይመስለኝም።

እኔማ ገንዘብ ያዥ ነበርኩ! ሥራዬ ምን መሰላችሁ? ሰኞ ጠዋት ከሰልፍ በኋላ አናቱ የተሰነጠቀ የጫማ ካርቶን ይዤ በየክፍሉ መዞር። አንዱ 10 ሳንቲም፣ አንዱ 25 ሳንቲም፣ የባለሱቁ ልጅ ደግሞ ሁሉም እንዲያየው ከፍ አድርጎ አንድ ብር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና በሴሚስተሩ መጨረሻ 43 ብር ከ35 ሳንቲም ሞላልን። አባታቸው ለሞተባቸው ልጆች ደብተርና እስክሪብቶ ልንገዛ ነበር።

«ጋሼ፣ የክበቡ ገንዘብስ?» ብዬ ብጠይቅ፣ «እንግዶች መጥተው ለመስተንግዶ ወጣ፤ ይተካል» ተባልኩ። አልተካም። በሚቀጥለው ሴሚስተር ካርቶኔን ይዤ ስገባ አንዱ ከኋላ ወንበር፣ «ዛሬስ ለለስላሳ ነው ለብስኩት?» ብሎ ጮኸ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ካርቶኑም ባዶውን ወጣ። የትኛው ትምህርት ቤት እንደሆነ አልነግራችሁም፤ እናንተም የራሳችሁ ትምህርት ቤት ሳይመስላችሁ አይቀርም።

ለምን ይህን አነሳሁ? የኢትዮጵያ ተማሪ ሰጪነት ሲነገር ስለማልሰማ ነው። በ1965 ዓ.ም. ወሎ ሲራብ፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ስፍራው ሄደው ፎቶግራፍ አንስተው ተመለሱ። ፎቶግራፎቹ በግቢው ለእይታ ሲቀርቡ ተማሪው እርዳታ ማሰባሰብ ጀመረ። ዓለም ያንን ረሃብ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ያየው ከወራት በኋላ ነው። ወሬው ግን ከተማሪው መዋጮ ይልቅ በፈረንጁ ፊልም ይታወቃል።

በ1977 ዓ.ም.ም እንደዚያው ሆነ። ሐምሌ 6 ቀን በለንደንና በፊላደልፊያ የተካሄደው የላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ስማችንን ከረሃብ ጋር አጣብቆ በየአገሩ አዳረሰው። ከዚያ በኋላ የመጣ አንድ የተሻለ ነገር ግን አለ። እ.ኤ.አ. በ1996 በጎንደሩ ፋሲለደስ ትምህርት ቤትና በእንግሊዝ አገር አመርሻም በሚገኘው ዶክተር ቻሎነርስ ትምህርት ቤት መካከል የተጀመረው ወዳጅነት አድጎ ሊንክ ኢትዮጵያ የተባለ ድርጅት ሆነ። የእንግሊዝ ተማሪ ኬክ ጋግሮ ይሸጣል፤ ሳንቲም ከፍሎ ያለ ዩኒፎርም ይውላል፤ እንዲህ እያለ ገንዘብ ያሰባስባል። እኔን የማረከኝ ግን ደብዳቤው ነው። የወዲያኛው ልጅ ሲጽፍ የወዲህኛውም ይመልሳል። መጻጻፍ ካለ፣ የእኛ ልጅ ተቀባይ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ የሚነግረው አለውና።

የራሳችንንም አንርሳ። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የዓባይ ግድብ የመሠረት ድንጋይ ከተጣለ በኋላ በየትምህርት ቤቱ ሕፃናት ሳይቀሩ ከከረሜላቸው ቀንሰው አዋጡ። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። በማክሰኝት በኩል የሚወርደው ጉማራ ወደ ጣና ይገባል፤ ጣናም ለዓባይ ያቀብላል። እንግዲህ የማክሰኝት ልጅ በገንዘቡም በውሃውም አለበት ማለት ነው። ያን ጊዜ ሳንቲሟን የሰጠች ልጅ ዛሬ ሳንቲሜ የት ደረሰ ብትል የሚታይ ነገር አላት።

ያዙልኝ ያልኳችሁ ነገር እዚህ ላይ ነው። እኛ ዘንድ መስጠት ጎድሎ አያውቅም፤ የሚጎድለው ሒሳቡ ነው። ዕድራችን ዕድሜ የጠገበው እኮ ገንዘብ ያዡ በአባላት ፊት ቆሞ «ይህን ያህል ገባ፣ ይህን ያህል ወጣ» ስለሚል ነው። የክበቡስ ሣጥን ምን ይለየዋል? ሣጥኑ በልጆቹ ፊት ይከፈት፤ በልጆቹ ፊት ይቆጠር፤ ወጪውም በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። አንድ እስክሪብቶ ብትሆንም ትጻፍ። በ12 ዓመቱ የአደራ ገንዘብ በትክክል ቆጥሮ ያስረከበ ልጅ፣ በ40 ዓመቱ የመሥሪያ ቤት ካዝና ቢሰጠው እጁ አይንቀጠቀጥም። የታዘበ ልጅስ? እሱ የሚማረውን እኔ በዚያ ሳቅ ውስጥ ሰምቼዋለሁ።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በግጭቱ ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች በራቸው ተዘግቶ ከርሟል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከሒሳቡና ከሳይንሱ ጋር ይህም አብሮ ይዘጋል፤ የጓደኛን ችግር አይቶ ካርቶን ሰንጥቆ መነሳት። በሩ በተከፈተበት ሁሉ፣ ከሰኞ ሰልፍ በኋላ አንዲት ልጅ ሣጥን ይዛ ብትገባ እንዳትስቁባት። ትልልቆቹም በሣጥኗ እንግዳ እንዳታስተናግዱ፣ አደራ!

ቸር እንሰንብት።