ባለ ቀዳዳ ቁሶችን በማሽን ለርኒንግ በሞለኪውል ደረጃ ማስመሰል

ባለ ቀዳዳ ቁሶችን በማሽን ለርኒንግ ማስመሰል፣ እንደ ዜዮላይት (ባለ ቀዳዳ ማዕድን) እና ብረት-ኦርጋኒክ መዋቅር (ብረትና ኦርጋኒክ ሞለኪውሎች የተያያዙበት ቁስ) ባሉ ቁሶች ውስጥ የአተሞችን እንቅስቃሴ ከኳንተም ስሌት በተማረ ሞዴል የማስላት ዘዴ ነው። የቁሶቹ ቀዳዳዎች ብዙውን ጊዜ ከ2 ናኖሜትር ያነሱ ናቸው። (በዚህ መጣጥፍ ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አሠራር

የኳንተም ስሌት አስተማማኝ ቢሆንም ጊዜ ይፈጃል፤ በተለመደው ዘዴ የአተሞቹ ቁጥር እጥፍ ሲሆን የስሌቱ ጊዜ እስከ ስምንት እጥፍ ያድጋል። የቆዩት ቀላል ቀመሮች ፈጣን ናቸው፤ ይሁንና አብዛኞቹ የኬሚካል ትስስር ሲበጠስና ሲፈጠር ማሳየት አይችሉም። ማሽን ለርኒንግ በሁለቱ መካከል ይገባል። ሞዴሉ በኳንተም ዘዴ ከተሰሉ በርካታ ናሙናዎች ኢነርጂንና ኃይልን ይማራል፤ ከዚያ በኋላ በአብዛኛው ከእያንዳንዱ አተም እስከ 0.6 ናኖሜትር ገደማ ያሉትን ጎረቤቶች ብቻ እያየ ይገምታል። አንዱ እርምጃ 1 ፌምቶሰከንድ ያህል ስለሆነ፣ የ1 ናኖሰከንድ እንቅስቃሴ ለማየት 1 ሚሊዮን እርምጃ መሰላት አለበት።

አመጣጥ

ማሽን ለርኒንግን ለእንዲህ ያለ የአተም ስሌት መጠቀም ማን ጀመረው ለሚለው አንድ መልስ የለም። ብዙዎች የሚጠቅሱት ዮርግ ቤህለርና ሚኬሌ ፓሪኔሎ በ2007 ያወጡትን ጥናት ነው። ሆኖም ብላንክና ባልደረቦቹ በ1995 ካርቦን ሞኖክሳይድ በኒኬል ገጽ ላይ ሲያርፍ ያለውን ኢነርጂ የማሽን ለርኒንግ ዓይነት በሆነው በኒውራል ኔትወርክ አስልተዋል። የእነሱ ኔትወርክ የሚያገለግለው ለተወሰነ ትንሽ ሥርዓት ብቻ ነበር። ቤህለርና ፓሪኔሎ ግን ጠቅላላውን ኢነርጂ የየአተሙ ድርሻ ድምር አደረጉት፤ በዚህም በትንሽ ናሙና የተማረ ሞዴል ብዙ ሺህ አተሞችን ማስላት ቻለ። ቀዳሚነቱ የ1995ቱ፣ ዛሬ የሚሠራበት መንገድ የ2007ቱ ነው ቢባል ከእውነት የሚርቅ አይመስልም። በ2022 በፕራግ የቻርልስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ጥናት ይህንኑ መንገድ ከሲሊካ (ከሲሊከንና ከኦክስጅን ውሑድ) ብቻ ለተሠሩ ዜዮላይቶች አውሎታል።

ብረት-ኦርጋኒክ መዋቅሮች

የ2025 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ለሱሱሙ ኪታጋዋ፣ ሪቻርድ ሮብሰንና ኦማር ያጊ የተሰጠው በብረት-ኦርጋኒክ መዋቅሮች ላይ በሠሩት ሥራ ነው። ለእነዚሁ ቁሶች ሞዴሎችን ለማሠልጠን በ2023 ይፋ የሆነው ኦፕን ዳክ የተባለ የመረጃ ስብስብ ከ8,400 በላይ መዋቅሮችና ከ38 ሚሊዮን በላይ የኳንተም ስሌቶች አሉት።

የኢትዮጵያ ዜዮላይት

በስምጥ ሸለቆ የብዙ ጉድጓዶች ውኃ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው የ1.5 ሚሊግራም በሊትር ወሰን ያለፈ ፍሎራይድ አለው፤ ጥርስ ያበልዛል፣ ሲብስም አጥንት ይጎዳል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስፔን ተመራማሪዎች በ2013 እና በ2014 ባወጧቸው ጥናቶች ስቲልባይት የተባለውን የኢትዮጵያ ዜዮላይት ለዚህ ችግር ሞክረዋል። ፍሎራይድን በዋናነት የሚይዘው በማዕድኑ ገጽ ላይ እንዲያድግ የተደረገው ሃይድሮክሲአፓታይት ነው፤ አጥንትም የተሠራው ከዚሁ ዓይነት ማዕድን ነው።

ለማስመሰል ስቲልባይት ቀላል አይደለም። ከሲሊከን ሌላ አሉሚኒየም አለበት፤ በቀዳዳዎቹም ካልሲየም፣ ሶዲየምና ብዙ ውኃ ይዟል። የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው ካልሲየምና ሶዲየም ከ0.6 ናኖሜትር ርቀው ያሉትን አተሞችም ይስባሉና ጎረቤትን ብቻ የሚያይ ሞዴል ኃይላቸውን በከፊል ያጣዋል። ስለዚህ በንጹሕ ሲሊካ የሠለጠነ ሞዴል ለዚህ ማዕድን እንዳለ አይበቃም፤ አሉሚኒየም፣ ካልሲየም፣ ሶዲየምና ውኃ ባሉባቸው ናሙናዎች እንደገና መሠልጠን፣ ውጤቱም ከቤተ ሙከራ ልኬት ጋር መመሳከር አለበት።