ክሮማቶግራፊን በኮምፒውተር ማመቻቸት

ክሮማቶግራፊን በኮምፒውተር ማመቻቸት በድብልቅ ውስጥ ያሉ ውህዶች በሚገባ የሚለያዩበትን ሁኔታ በጥቂት ሙከራና በስሌት ፈልጎ የማግኘት ዘዴ ነው። በብዛት የሚሠራበት በፈሳሽ ክሮማቶግራፊ (ኤችፒኤልሲ)፣ በተለይም በመድኃኒት ጥራት ቁጥጥር ነው። ሁለት ውህዶች ተደራርበው እንደ አንድ ፒክ ከወጡ፣ ጎጂ ባዕድ ነገር ያለበት መድኃኒት ንጹሕ መስሎ ሊያልፍ ይችላል።

መለያየቱን የሚወስኑት ነገሮች ብዙ ናቸው፦ የአሲቶናይትራይል ወይም የሜታኖል መጠን፣ መጠኑ የሚጨምርበት ፍጥነት (ግራዲየንት)፣ ሙቀት፣ ፒኤች፣ የዓምዱ ዓይነት። አራቱን ብቻ እያንዳንዳቸውን በ5 ደረጃ ልሞክር የሚል ሰው 625 ሙከራ ይጠብቀዋል፤ አንዱ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ 13 ቀን ሌት ተቀን ማለት ነው። አንዱን ብቻ እየቀያየሩ መሞከርም ብዙ አያዋጣም፤ ሙቀትና ግራዲየንት አንዱ የሌላውን ውጤት ስለሚለውጡ ጥሩው ቦታ ሳይታይ ይታለፋል።

አሠራር

በተገላቢጦሽ ክሮማቶግራፊ የአንድ ውህድ የመቆየት መጠን ሎጋሪዝም ከኦርጋኒክ ፈሳሹ መቶኛ ጋር በቀጥታ መስመር ይቀንሳል ማለት ይቻላል። ቀጥታ መስመር ደግሞ ሁለት ነጥብ ይበቃዋል። ስለዚህ ርዝመታቸው የተለያየ ሁለት ግራዲየንቶች (ለምሳሌ 20 እና 60 ደቂቃ) ከተሠሩ፣ ኮምፒውተሩ በመካከል ያሉትን ሁሉ ያሰላል። ሙቀት ሲጨመር 4፣ ፒኤች በ3 ደረጃ ሲጨመር 12 ሙከራ ይሆናል። ውጤቱ በቀለማት የተሞላ ካርታ ነው፤ በየነጥቡ የሚታየው እርስ በርስ በጣም የተቀራረቡት የሁለቱ ፒኮች መለያየት ነው። ይህ ቁጥር 1.5 ከደረሰ ፒኮቹ እስከ መሠረታቸው ተለያይተዋል ይባላል። ልምድ ያለው ባለሙያ ካርታው ላይ ከፍተኛውን ጫፍ አይመርጥም፤ ሁኔታው በጥቂቱ ቢናወጥም ውጤቱ የማይበላሽበትን ሰፊ ሜዳ እንጂ።

ታሪክ

ላውብ እና ፐርኔል እ.ኤ.አ. በ1975 ለጋዝ ክሮማቶግራፊ ተመሳሳይ ንድፍ አቅርበው ነበር። ሎይድ ስናይደርና ጆን ዶላን በ1980ዎቹ ያዘጋጁት ድራይላብ የተባለው ፕሮግራም ዘዴውን ወደ ፈሳሽ ክሮማቶግራፊ ቤተ ሙከራዎች አስገባ።

ገደብ

ትልቁ ችግር ፒኮችን መከታተል ነው። ሁኔታው ሲለወጥ ፒኮች ቅደም ተከተላቸውን ይቀያየራሉ፤ አንዱ በሌላው ስም ከተመዘገበ ስሌቱ ሁሉ ይሳሳታል። ለዚህም የፒኩን ስፋት ወይም የማስ ስፔክትሮሜትር ውጤት ማመሳከር ያስፈልጋል። በተጨማሪም በመነሻ ሙከራዎቹ በሌላ ፒክ ሥር ተደብቆ የቀረ ውህድ በካርታው ላይ ፈጽሞ አይኖርም።