የሞተር እስትንፋስ፦ አየር ለማብዛት የተከፈለ የመቶ ዓመት ዋጋ

ሐምሌ 1943 ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የሎስ አንጀለስ ሰው ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ ዓይን የሚያቃጥል፣ ጉሮሮ የሚከረክር ጭጋግ ከተማዋን ውጧት አገኘ። ዓለም በጦርነት ላይ ስለነበረች ጃፓን የመርዝ ጋዝ የለቀቀችባቸው መስሏቸው የተደናገጡ ነበሩ። የጭጋጉ ዋና ምንጭ በየደጃፋቸው የቆመው መኪና መሆኑ የተረጋገጠው ከዓመታት በኋላ ነው።

ይህ ታሪክ ዛሬ ፒክአፑን ጋራዥ አስገብቶ «የአየር ማስገቢያውን ቀይርልኝ፣ ጉልበት ይጨምር» ከሚል ሰው ጋር ምን ያገናኘዋል? ብዙ ያገናኘዋል። የሞተርን አፍ የማስፋት ፍላጎት ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ የተሳካላቸውም አሉ፣ ዕዳውን ለጎረቤት ያሸከሙም አሉ። ሁለቱን የለየው ነገር ምን እንደሆነ ማየት ጠቃሚ ነው።

▪️ ሞተር ከነዳጅ ይልቅ የሚበላው አየር ነው

አንድ ኪሎ ቤንዚን በደንብ እንዲቃጠል ወደ 14.7 ኪሎ አየር ይፈልጋል። በሊትር ሲታሰብ ደግሞ አንድ ሊትር ቤንዚን ወደ 9 ሺህ ሊትር አየር ይዞ ይቃጠላል ማለት ነው። ስለዚህ ጉልበት የሚፈልግ ሰው ዋና ችግሩ ነዳጅ አይደለም። ነዳጅን በፓምፕ ገፍቶ ማብዛት ቀላል ነው። አየሩን ግን ፒስተኑ ወደ ታች ሲወርድ ራሱ ስቦ ማስገባት አለበት። ቱቦው ከጠበበ፣ መታጠፊያው ከበዛ፣ ፊልትሮው ከተደፈነ ሞተሩ ያፍናል። የሚገባው አየር ከሞተሩ አጠገብ የተቀዳ ትኩስ አየር ከሆነም ችግር አለ፤ ትኩስ አየር ሳሳ ያለ ስለሆነ በዚያው ስፋት ውስጥ የሚገኘው ኦክስጅን ያነሰ ነው። «ቀዝቃዛ አየር ማስገቢያ» እየተባለ የሚሸጠው ዕቃ ሐሳቡ ይኸው ነው፦ ከሞተሩ ሙቀት ርቆ አየር መቅዳትና መንገዱን ማቅለል።

▪️ ተራራ ላይ የወጣው ሞተር

አየርን ለመሳብ ከመተው ይልቅ በሚወጣው የተቃጠለ ጋዝ ጉልበት ገፍቶ ማስገባት ይቻላል ብሎ ያሰበው የስዊዘርላንዱ መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኪ ነው። በ1905 ባስመዘገበው የፈጠራ መብት፣ ከሞተሩ የሚወጣው የተቃጠለ ጋዝ አንድ ተርባይን እንዲያሽከረክርና ያም ንጹሕ አየር አምቆ ወደ ሞተሩ እንዲመልስ ሐሳብ አቀረበ። ዛሬ ቱርቦ የምንለው እሱን ነው።

ሐሳቡን በአውሮፕላን ሞተር ላይ በይፋ ያስመሰከረው ግን የጄኔራል ኤሌክትሪኩ ሳንፎርድ ሞስ ነበር። የዚያን ዘመን አውሮፕላኖች ከፍ ባሉ ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ ጉልበታቸው ይከዳቸው ነበር። ሞስ በ1918 ሊበርቲ የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር በካሚዮን ላይ ጭኖ በኮሎራዶ ወደሚገኘው ፓይክስ ፒክ ተራራ ወሰደው። ከፍታው 4,300 ሜትር ገደማ ነው። በባሕር ወለል 350 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር ተራራው ላይ ወደ 230 ወረደ። ቱርቦው ሲገጠምለት ወደ 356 ተመለሰ። ሞስ በወረቀት ስሌት ብቻ ቢከራከር ኖሮ አድማጭ ባላገኘ ነበር። ያሸነፈው ተራራ ወጥቶ ስለለካ ነው።

ይህ ለአዲስ አበባ ሰው የሩቅ ወሬ አይደለም። ከተማዋ ከባሕር ወለል ወደ 2,400 ሜትር ከፍ ብላ ስለተቀመጠች አየሯ ከባሕር ዳርቻው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር አዲስ አበባ ላይ ጉልበቱን በዚያው ልክ ያጣል ማለት ነው። ሹፌሩ ከጅቡቲ ወደብ ተነስቶ በአፋር ሜዳ ሲነዳ የነበረው መኪና ደጋው ላይ ሲደርስ «ደከመብኝ» ቢል ስሜቱ ትክክል ነው። ሞተሩ ግን አልታመመም፤ የሚተነፍሰው አጥቷል። ፊልትሮውን በሰፊ መተካት ይህን ጉድለት አይሞላም። የሳሳ አየር በሰፊ ቱቦ ቢገባም ያው የሳሳ አየር ነው። መፍትሔው ቱርቦ ነው፣ ወይም ታግሶ ማርሽ መቀነስ።

▪️ በረሃው የጠየቀው ሌላ ዋጋ

የአየር መንገዱን የማስፋት ፍላጎት ትልቁን ጠላቱን ያገኘው በሰሜን አፍሪካ በረሃ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በሊቢያና በግብጽ የተዋጉት ታንኮች፣ ካሚዮኖችና አውሮፕላኖች ሁሉ አንድ ዓይነት በሽታ ያዛቸው። ደቃቁ አሸዋ ከአየር ጋር ገብቶ ከዘይት ጋር ይቀላቀልና ፋሻውንና ሲሊንደሩን እንደ ሞረድ ይበላቸዋል። ሞተሩ ዘይት ማቃጠል ይጀምራል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ ከዚያ ይቆማል።

እንግሊዞች ለስፒትፋየር ተዋጊ አውሮፕላን ቮክስ የተባለ ትልቅ ማጣሪያ ከአፍንጫው ሥር ገጠሙለት። ሞተሩ ከአሸዋ ዳነ፤ አውሮፕላኑ ግን ፍጥነት አጣ። በአየር ላይ ውጊያ ደግሞ ፍጥነት ማጣት ሕይወት ማጣት ሊሆን ይችላል። በግብጽ አቡ ቂር የነበረው የአየር ኃይሉ ጥገና ክፍል ችግሩን ተቀብሎ ዝም አላለም። ከፋብሪካው የመጣውን ትቶ ያነሰና የተሻለ ቅርጽ ያለው ማጣሪያ ራሱ ሠራ። ዕቃው እስከ ዛሬ የአቡ ቂር ማጣሪያ ተብሎ ይጠራል።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። የመጀመሪያው፣ የፋብሪካ ሥራ የማይነካ ቅዱስ ነገር አይደለም፤ የሜዳ መካኒክ ሊያሻሽለው ይችላል። ሁለተኛው፣ የአቡ ቂር ሰዎች ማጣሪያውን አውልቀው አልጣሉም። እየለኩና እየሞከሩ የተሻለ ሠሩ እንጂ።

▪️ ካሊፎርኒያ፦ ነፃነቱም ጭጋጉም

ከጦርነቱ በፊትም በኋላም የካሊፎርኒያ ወጣቶች አሮጌ መኪና እየገዙ፣ ካርቡራቶሬ እየጨመሩ፣ በደረቁ የሐይቅ ወለል ላይ ይሽቀዳደሙ ነበር። ከዚህ የእጅ ሙያ ትልቅ ንግድ ተወለደ። ለምሳሌ በ1969 ኬን ጆንሰንና ኖርም ማክዶናልድ የተባሉ የሞተር ሳይክል ነጋዴዎች በሪቨርሳይድ ከተማ ኬ ኤንድ ኤን የተባለውን ድርጅት መሠረቱ። በዘይት የራሰ፣ እየታጠበ ደጋግሞ የሚያገለግል የጥጥ ፊልትሮ ስሙ የገነነው በእነሱ ነው።

በዚያው ግዛት ሌላ ሰው ሌላ ሥራ ይሠራ ነበር። በትውልዱ ኔዘርላንዳዊ የሆነው ኬሚስት አሪ ሃገን ስሚት በ1950ዎቹ መጀመሪያ ያ ዓይን የሚያቃጥል ጭጋግ ከየት እንደሚመጣ አሳየ። ከመኪናና ከነዳጅ ማጣሪያዎች የሚወጣው ጋዝ በፀሐይ ብርሃን ሲመታ ነው የሚፈጠረው። ካሊፎርኒያ በ1967 የአየር ሀብት ቦርድ አቋቋመች፤ የመጀመሪያው ሰብሳቢም እሱ ሆነ። በ1970 የፌዴራሉ የንጹሕ አየር ሕግ ተከተለ። በ1990 ማሻሻያው ደግሞ የጭስ መቆጣጠሪያን የሚያሰናክል ዕቃ መሥራትና መሸጥም ተከለከለ።

ካሊፎርኒያ ግን የአየር ማስገቢያ መቀየርን ጨርሳ አላገደችም። ሻጩ ዕቃውን አስፈትኖ ጭሱን እንደማያባብስ ካሳየ የፈቃድ ቁጥር ይሰጠዋል። ቁጥሩ ሞተሩ አጠገብ ይለጠፋል፤ ተቆጣጣሪው ሲመጣ ያየዋል። አስተዋይ መፍትሔ ነው፦ ቀይር፣ ግን አስለካ።

▪️ ጥቁሩ ጭስ

ከዚያ በኋላ የመጣው የናፍጣ ፒክአፕ ዘመን ነው። በአየር ማስገቢያ የተጀመረው ማሻሻል ወደ ኮምፒውተሩ ፕሮግራም፣ ከዚያም ወደ ጭስ ማጣሪያው ሄደ። አንዳንዱ ባለቤት ማጣሪያውን ከነአካቴው ቆርጦ ጣለው። ሆን ብሎ ጥቁር ጭስ ማቡነን ጨዋታ የሆነባቸውም ነበሩ።

የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ2020 ባወጣው ግምት፣ በአሥር ዓመት ውስጥ ከ550 ሺህ በላይ የናፍጣ ፒክአፖች የጭስ መቆጣጠሪያቸው ተነቅሏል። እነዚህ መኪኖች በዕድሜያቸው የሚለቁት ትርፍ የናይትሮጅን ኦክሳይድ ከ570 ሺህ ቶን በላይ ይሆናል፤ ይህም ከ9 ሚሊዮን በላይ ጤነኛ ፒክአፖችን መንገድ ላይ እንደ መጨመር ነው።

ጥፋቱን በጋራዥ ልጆች ላይ ብቻ መጫን ግን ፍርድ ማዛባት ነው። በታኅሣሥ 2023 የአሜሪካ ፍትሕ መሥሪያ ቤት ሞተር አምራቹ ከሚንስ 1.675 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል መስማማቱን አስታወቀ። ክሱ ከ2013 እስከ 2019 በተሠሩ 630 ሺህ ያህል የራም ፒክአፕ ሞተሮች ላይ የጭስ ቁጥጥርን የሚያሰናክል ዘዴ ተገጥሟል የሚል ነበር። ኩባንያው በክፉ ልብ የተደረገ ነገር የለም ብሎ ጥፋቱን አላመነም፤ ቅጣቱ ግን በንጹሕ አየር ሕጉ ታሪክ ትልቁ የፍትሐ ብሔር ቅጣት ሆነ። ትንሹ መካኒክ የተከሰሰበት ጉዳይ ትልቁን ፋብሪካም አንኳኳ።

▪️ ወደ ደጃችን ስንመለስ

የኢትዮጵያ መካኒክ ፊልትሮ፣ ማርሚታ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን ሲል የሚናገረው ጣሊያንኛ ነው። ከጣሊያን ካሚዮኖችና መንገዶች ጋር የገባ ቃል ነው። ሙያው ግን የራሱ ሆኗል። መለዋወጫ በሌለበት መኪና ማስነሳት የሚችል እጅ የትም አገር ይከበራል። ያ እጅ ከመፍቻው እኩል መለኪያ መያዝ አለበት።

ምን ይለካል? መጀመሪያ ያለውን ፊልትሮ ማየት ነው። የአሜሪካው ኦክ ሪጅ ብሔራዊ ላቦራቶሪ በ2009 ባደረገው ጥናት፣ በኮምፒውተር በሚታዘዙ የቤንዚን መኪኖች የተደፈነ ፊልትሮ መቀየር የነዳጅ ፍጆታን ብዙም አይለውጥም፤ የመኪናውን አነሳስ ግን ያሻሽላል። ስለዚህ «ጉልበት አጣሁ» ለሚል ሰው የመጀመሪያው መድኃኒት አዲስና ንጹሕ ፊልትሮ ነው። ከዚያ በኋላ ውድ ቱቦ ገዝቶ የሚገኘው ትርፍ ጉልበት፣ ሌላ ነገር ያልተነካ ሞተር ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ነው። በግልጽ የሚጨምረው ድምፁ ነው። ሳጥኑ ተነቅሎ ራቁቱን የተገጠመ ፊልትሮ የሞተሩን ትኩስ አየር የሚስብ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ኪሳራ ነው። አቧራ በሚበዛበት መንገድ ሽፋኑ በደንብ ያልገጠመ ፊልትሮ የአቡ ቂርን አሸዋ መልሶ ይጋብዛል፤ የሞተር እድሳት ዋጋ ከምን እንደደረሰ ባለመኪናው ያውቀዋል።

መንግሥት በ2024 መጀመሪያ የነዳጅ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መወሰኑን አስታውቋል። ይህ ማለት ግን አገር ውስጥ ያለው ፒክአፕ ነገ ይጠፋል ማለት አይደለም። ይልቁንም ምትክ የሌለው መኪና ለዓመታት እየተጠገነና እየተቀያየረ ይኖራል። ጋራዡ በእጁ የገባውን ሞተር እንዴት እንደሚያስተነፍሰው ከቀድሞው ይልቅ አሁን ያሳስባል። ጭሱን የሚስበው በመንገድ ዳር ቆሎ የምትሸጠው እናትና ታክሲ የሚጠብቀው ተማሪ ነው።

አሥር ጊዜ ለካ፣ አንዴ ቁረጥ ይባላል። ሞስ ተራራ ወጥቶ ለካ። የአቡ ቂር መካኒኮች በአሸዋ መሐል ለኩ። ማጣሪያውን ቆርጠው የጣሉት ግን የለኩት የራሳቸውን ደስታ ብቻ ነበር፤ ቀሪውን ሒሳብ ሌላው ሰው በሳንባው ከፈለ።